ሃያ አራት ካፕ ኬክ፣ አንድ ሱቅ

ልጄ አባቷን አታናግረውም ነበር። ነገሩ ይሄው ነው። ካፕ ኬክ እንዴት እንደሚጋገርማ ስልክ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ያን ላስተምር አልተነሳሁም።

ባለቤቴ ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው። ሆሳዕና ውስጥ ይህን ስናገር ማንም ቀና ብሎ አያየኝም፤ የግራ ጎረቤቴ ወንድም እዚያ ነው፣ የቀኟ ሁለት ልጆች እዚያ ናቸው። እሱ ሲሄድ ልጃችን በሆዴ የአምስት ወር ነበረች። የነገረኝም ሁሉን ጨርሶ፣ ሻንጣውን ቆልፎ ሲያበቃ ነው። «ሁለት ዓመት ብቻ» አለኝ። እኔ ሞኟ ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ዓመት መስሎኝ አልቅሼ አልቅሼ እሺ አልኩ። ልጅቷ ተወለደች፣ ዳዴ አለች፣ ጥርስ አበቀለች፣ ያንኑ ጥርስ አወለቀች፤ እሱ እዚያው ነው። ወረቀቱ አልተስተካከለለትም። አንዴ ከወጣ ተመልሶ መግባት አይችልም፤ ሱቁም ሜዳ ላይ ይቀራል።

ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት ክፍል ናት። እዚያው ይሸጣል፣ እዚያው ይበላል፣ ከዕቃው ጀርባ ፍራሽ ዘርግቶ እዚያው ይተኛል። መስኮቱ ከላይ እስከ ታች በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ዘራፊው አያስቀምጥማ። ደንበኛው ከውጭ ሆኖ ገንዘቡን በትንሽ ቀዳዳ ይሰጣል፣ እሱም ዕቃውን በዚያው ቀዳዳ ያወጣል። ሲደውልልን ስልኩን መደርደሪያ ላይ ያቆምና ጀርባውን ለፍርግርጉ ሰጥቶ ያወራናል። በወሬያችን መሃል አንዱ በሳንቲም ብረቱን ቋ ቋ ሲያደርገው «መጣሁ» ይልና ይዞራል። ከዚያ የምናየው የሸሚዙን ጀርባ ነው። የትዳሬ ግማሹ የሸሚዝ ጀርባ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ልጄ እስከ አምስት ዓመቷ ሲደውል ትሮጥ ነበር፣ ስልኩን ትስመው ነበር። ስድስት ዓመት ሲሞላት ግን ዘጋችው። ሲደውል ትመጣለች፣ ከጎኔ ትቀመጣለች፣ ዓይኗን ተክላ ታየዋለች። «ሚጢዬ!» ብሎ ሲጠራት ብድግ ብላ ከበሩ ኋላ ትገባለች። መከርኳት፣ ተቆጣኋት፣ በከረሜላ ደለልኳት፤ ወይ ፍንክች! እሱ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፣ በኋላ ሳቁ ቀረ። ሰባት ዓመት ሊሞላት ወር ሲቀራት እንዲህ አለኝ፦ «ለልደቷ ምንም አልፈልግም። አንድ ቃል ብቻ ታውራኝ። ስድብም ቢሆን ግዴለም።» ድምፁን ስሰማ አንጀቴን በላው። «ታወራሃለች» አልኩት፣ በምን አፌ እንደሆነ እንጃ።

እኔ በሥራዬ ኬክ ጋጋሪ ነኝ። የዱራሜ ልጅ ነኝ፤ ሆሳዕና የመጣሁት በትዳር ነው። የመጀመሪያውን ኬክ የጋገርኩት በብረት ድስት፣ ከላይም ከታችም ፍም አድርጌ ነበር። ታቹ አረረ፣ መሃሉ አልበሰለም። ባለቤቴ ቁጭ ብሎ የከሰለውን በቢላ እየፋቀ ጨርሶ በላው፤ «ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛ ግን እንዳይለመድሽ» አለኝ። አሁን ያለኝን ኦቭን ያስገዛልኝ እሱ ነው፣ እዚያ ሆኖ። ሰው ሁሉ «ታድለሽ!» ይለኛል። እንዴ! ኦቭን ይታቀፋል?

የሚናፍቀኝን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ከሥራ ሲመጣ በሩን በእግሩ ነበር ገፋ የሚያደርገው። ስንት ቀን ተጣልቼዋለሁ፣ «እጅ አልፈጠረብህም?» እያልኩ። የበሩ ታች ሁልጊዜ በጫማ ጭቃ የቆሸሸ ነበር፤ እየረገምኩ እወለውለዋለሁ። አሁን ያ በር ንጹሕ ነው። ጎንበስ ብዬ ቤት ስጠርግ ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል።

ወደ ኬኩ ልመለስ። አሁን አሁን በከተማችን ዝም ብሎ ኬክ ብሎ ነገር የለም። ካፕ ኬኩ የግብዣውን ነገር መምሰል አለበት። ለምረቃ ኮፍያ እሠራለሁ፣ ለቀለበት ቀለበት፣ ለሕፃን ድብ። ለሽኝት አውሮፕላን የሠራሁትንማ ጌታ ነው የሚያውቀው። ለመመለሻ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው አዝዞኝ አያውቅም። ለልጄ ልደት ያሻትን እንድትመርጥ ከአንድ ሳምንት በፊት አስቀመጥኳት።

«የፈለግሽውን እሠራልሻለሁ» አልኳት። «ቢራቢሮ? ልዕልት? ድመት?»

አይ ብላ ራሷን ወዘወዘች። ሄደች፣ የሥዕል ደብተሯን አመጣች፣ መሃሉን ገልጣ ጭኔ ላይ አደረገችው። ሱቅ ነው የሣለችው።

«የማን ሱቅ ነው?»

«የአባዬ።»

በግራ በኩል አረንጓዴ ሳሙና በሦስት ረድፍ ተደርድሯል። ከሱ በላይ የእንቁላል ትሪ አለ። በቀኝ ቀይ ቀይ ቆርቆሮዎች፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ትናንሽ ፓኬቶች፣ ከጥግ ደግሞ ሰማያዊ ባልዲ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ ስልኩ ላይ የማየው ፊቱን ብቻ ነው፤ ከሳ፣ አልከሳም፣ ጸጉሩ ሸሸ፣ አልሸሸም። ባልዲ መኖሩን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ልጄ ለካ አፏን ዘግታ ሁሉን ስታይ ኖራለች! ከመሃል ላይ ጥቁር መስመሮች ከላይ እስከ ታች አስምራለች፤ ከመስመሮቹ ኋላ ሰው ቆሟል።

«ይሄስ?»

«ፍርግርጉ ነው። አንዱ ኬክ ላይ እሱን ሥሪልኝ። አባዬን ከውስጥ አድርጊው።»

ደነገጥኩ፤ እኔ ደግሞ ስደነግጥ ቁጣ ይቀናኛል። «አባትሽ እስረኛ ነው እንዴ? ብረቱ ለሌባ ነው የተሠራው ብዬሽ የለም?»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አለችኝ።

«እሱ ጋ ነዋ! ከሱ ሌላ ማን ጋ ይሆናል?»

«ታዲያ ለምን አይወጣም?»

ጉድ ፈላ! ስለ ወረቀት ጀመርኩ፣ ስለ ትምህርት ቤቷ ቀጠልኩ፣ ስለ ኦቭኑ ሁሉ ቀባጠርኩ። ሰምታኝ ሰምታኝ ደብተሯን ዘግታ ሄደች። ያኔ ነው የገባኝ። ልጅቷ አባቷን አልረሳችውም፣ አልፈራችውምም። አኩርፋው ነው። ቁልፉን በኪሱ ይዞ ወደ እኛ የማይመጣ ሰው ነው የሆነባት። እውነቱን ልናገርና እኔም ያንኑ ጥያቄ በሆዴ ይዤ ነው በየቀኑ በስልክ የምስቅለት። ጠይቄው ግን አላውቅም፤ መልሱን ብሰማ ምን እሆናለሁ ብዬ።

ልደቷ ቅዳሜ ዋለ። ዓርብ ዕለት አማቴ ከገጠር፣ ከሀቢቾ መጡ፤ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ቡላም ይዘው። ጠረጴዛው ላይ የደረደርኳቸውን የካፕ ኬክ ወረቀቶች አንድ በአንድ እያነሱ አዩዋቸው።

«ይሄ ምንድነው? የሲኒ ቀሚስ ነው?»

«ኬኩ የሚጋገርበት ነው፣ እማማ።»

«በዚህች? ይሄማ አንድ ጉርሻም አይሆን!»

«ልጆች እኮ ናቸው የሚበሉት።»

«ልጅስ ሆድ የለውም?» አሉና ሳቁብኝ። አማቴ አማርኛም ሀዲይኛም እየቀላቀሉ ሲሳለቁ ማንም አይችላቸውም። የእኔ ሀዲይኛ ደግሞ አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ የዱራሜ ልጅ ሀዲይኛ ነው፣ መልስ ፈልጌ እስካገኝ ወሬው ያልፋል።

ለክሬም የምጠቀምበት የሱቅ ቅቤ በዚያ ሳምንት ከከተማው ጠፍቶ ነበር። እሳቸው ያመጡትን ስከፍተው ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ገና አዲስ የተናጠ፣ ነጭ፣ ምንም ሽታ የሌለው ለጋ ቅቤ። በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት፣ ሳህን ላይ አድርጌ ከደንኩት። ከዚህ የነጣ ክሬም አዲስ አበባም አይገኝ ብዬ ኮራሁ። ምን ልሠራበት እንዳሰብኩ ግን ለአማቴ አልነገርኳቸውም። ጥፋቴ ይሄ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት ሳይጠፋ፣ ጌታ ይመስገን፣ ሃያ አራቱንም ጋገርኩ። እስኪቀዘቅዙ ድረስ የታዘዘ ኬክ ላደርስ ጭኔ ላይ አድርጌ በባጃጅ እስከ መናኸሪያው ማዶ ሄድኩ። ስመለስ ገና ከአጥሩ በር ኮረሪማና ኮሰረት አወደኝ። ከጎረቤት ድግስ አለ እንዴ አልኩ። ሽታው ግን ወደ እኔው ቤት ሳበኝ። ገባሁ። አማቴ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ድስት በማማሰያ እያማሰሉ ነው። ሳህኔ ባዶውን ተደፍቷል። ድስቱ ውስጥ ያ ነጭ ቅቤዬ ቀልጦ፣ እርድ ገብቶበት፣ እንደ ወርቅ ቢጫ ሆኖ ይንተከተካል።

«እማማ! ምን አደረጉ?»

«አነጠርኩልሽ» አሉኝ፣ ምርቃት እየጠበቁ። «እንግዳ ጠርተሽ ጥሬ ቅቤ ልታበይ ነው እንዴ? ጥሬ ቅቤ ለጸጉር ነው፣ ልጄ። ሰው ምን ይለናል?»

ደሜ ፈላ። ዝም ብል ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን አፌ አያርፍም። «ከእናንተ ቤት ሳይጠይቁ ማድረግ ልማድ ነው! ልጅዎም እኮ ሁሉን ጨርሶ ነው የነገረኝ!» አልኳቸው።

ማማሰያውን አስቀመጡ። አልተቆጡም። ድስቱን እያዩ ቀስ ብለው፣ «አንቺስ ነግሮሻል» አሉ። «እኔ ከሄደ በሦስተኛው ቀን ከገበያ ነው የሰማሁት።»

ይህን በዚያ ሁሉ ዓመት ነግረውኝ አያውቁም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም «ተይ፣ ተይ» እያሉ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ሁለታችንም እያለቀስን ድስቱን አወጣነው።

ሌላ ቅቤ የምፈልግበት ሰዓት አልነበረም። ያንኑ አጥልዬ፣ ቅመሙን አውጥቼ፣ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ እስኪረጋ አቆየሁትና ከደቀቀው ስኳር ጋር መታሁት። ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ክሬሙ መያዙን ያዘ፣ ግን ቢጫ ነው። ሰማያዊ ቀለም ብጨምርበት አረንጓዴ ሆነ፣ ቀዩ ወደ ብርቱካን ሄደ። የሱቁን ዕቃ በየኬኩ ላይ ስሠራ ሳሙናዎቹ ብቻ እንደ ሥዕሏ ወጡ። ባልዲው አረንጓዴ ባልዲ ሆኖ ቀረ። ሽታውማ አይነሳ!

የመጨረሻዋን ካፕ ኬክ ለብቻዋ አስቀመጥኳት። ሁለት ዓይን፣ አንድ አፍ አደረግኩባት። የፌስታል ጫፍ ቀድጄ የቀለጠ ቸኮሌት ሞላሁና ፊቱ ላይ መስመሮቹን ከላይ እስከ ታች አወረድኩ። አማቴ ከትከሻዬ በላይ ያዩ ነበር።

«የእኔ ልጅ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ጆሮውን ጨምሪበት። የእኔ ልጅ ጆሮው ትልቅ ነው» አሉ። ጨመርኩበት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰፈር ልጆች መጡ። አማቴ ጸለዩ፤ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው መሃል ኬኩን እስኪያጮልቁ ድረስ ረዘም አድርገው ጸለዩ። ስልኩን ብርጭቆ አስደግፌ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ባለቤቴ ሸሚዝ ተኩሶ ለብሷል። እዚያ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሆኖ አንዲት ፊኛ ነፍቶ መደርደሪያው ጫፍ ላይ አስሯል። ልጄ እንደ ልማዷ አጠገቤ ተቀምጣ በዝምታ ታየው ጀመር። እሱም አልጠራትም። ቢጠራት እንዳትሸሽበት ፈርቶ ነው።

ልጆቹ ገመጡ። መጀመሪያ ተያዩ። አንደኛዋ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገችና፣ «ቅንጬ ቅንጬ ይላል!» ብላ ጮኸች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ምን ሆነው ነው?» አለ ባለቤቴ፣ እየቀረበ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ከጎኔ ቀጭን ድምፅ ወጣ። «አያቴ ቅቤውን አነጠረችው።»

«ምን አልሽ፣ ሚጢዬ?»

«አያቴ ቅቤውን በኮረሪማ አነጠረችው። እማዬ ተቆጣች። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ኬኩ ቅንጬ ቅንጬ አለ።» ስትናገር ሳቋ አላስጨርሳት አለ። እሱ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ይስቃል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እጁን ሲያወርድ ዓይኑ ቀልቷል።

«ሽታውስ? ምን ምን ይሸታል?» አላት።

«ቤታችን ቤታችን ነዋ!» አለችው፣ ይሄም ይጠየቃል እንዴ በሚል ዓይነት።

እኔ በቃ አልኩ። ቃሉን አገኘ፣ ተፈጸመ፣ ጌታ ይመስገን። እንባዬን ለመጥረግ ዞር ስል ልጄ ያቺን ለብቻዋ የተቀመጠችውን ካፕ ኬክ አንስታለች። አልገመጠቻትም። የቸኮሌቱን መስመር በምላሷ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ላሰችው። ዓይኑን አልነካችም፣ ጆሮውንም አልነካችም። መስመሩ ሲያልቅ ኬኩን ስልኩ ፊት አቆመችው።

«አባዬ፣ ፍርግርጉን በላሁት» አለችው። «አሁን ውጣና ና።»

የፈራሁትን ጥያቄ ልጄ ጠየቀችልኝ። እኔም መልሱን ጠበቅኩ። ከኋላው አንዱ በሳንቲም ብረቱን ቋ ቋ አደረገው። «መጣሁ» አላለም። ደግሞ ቋ ቋ አደረገው። እሱ እኛን እያየ ቆሞ ቀረ።

ልጄ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ከትከሻው ኋላ ያለውን ብረት ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ አላለቀም። ሌላ ሥሪ።»

ፌስታሉን አነሳሁ። ሳሙናው ላይ አሰመርኩ፣ እንቁላሉ ላይ አሰመርኩ፣ አረንጓዴው ባልዲ ላይ አሰመርኩ። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው እየተሻሙ ላሱ፣ አፋቸው ጠቆረ። ባለቤቴ እንባው በጉንጩ እየወረደ ያያቸዋል፤ ከኋላው ይንኳኳል፣ እሱ አይዞርም።

አማቴ እስከዚያ ድረስ ከኬኩ አንድም አልቀመሱም ነበር። ጥግ ላይ ከተቀመጡበት እጃቸውን ዘረጉ።

«ለእኔም ስጪኝ» አሉ። «ብረት ያለበትን።»

ሰጠኋቸው።